ፀሐይወርቅ ያወረደችው እርቅ

ፀሐይወርቅ ለንደን ውስጥ ሰባት ዓመት ስትኖር አንድ ሰው አስቀይማ አታውቅም። ይህን እንደ ጨዋነት የምትቆጥሩላት ካላችሁ ቁጠሩላት፤ እኔ እንደ በሽታ ነው የማየው። አውቶቡስ ላይ እግሯን ቢረግጧት «ሶሪ» የምትለው እሷ ናት። ጎረቤቷ ሙዚቃውን ሲያንባርቅባት «ልጅ ነው፣ ይደሰት» ብላ ትራሷን ጆሮዋ ላይ ጭና ትተኛለች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ሳለች በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ እዚህ ደግሞ ኬረር ናት፤ አቅም ያነሳቸው ሰዎች ቤት ድረስ እየሄደች ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። በሰሜን ለንደን ሰቨን ሲስተርስ ትኖራለች፣ በደቡብ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ትሠራለች። ዕድሜዋ ባቡር ውስጥ አለቀ ብትል ማጋነን አይሆንባትም።

ጧትና ከሰዓት የምትመላለስበት አንድ ሽማግሌ ነበር፣ ሚስተር ቴሌማክ የሚባል። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከካሪቢያን ባሕር ትንንሽ ደሴቶች የአንዷ ሰው። የደሴቲቱን ስም አልጠራም፤ ብጠራላችሁም ካርታ ላይ ፈልጋችሁ አታገኟትም። እሱ ራሱ ግድግዳው ላይ የሰቀለው ካርታ ላይ እንኳ ዝንብ ያረፈች ነው የምትመስለው። በዚያች ደሴት ሚስተር ቴሌማክ ዘጠኝ ዓመት የነዳጅና የመብራት ሚኒስትር ነበር። እኔ «እሱ» እለዋለሁ፤ ፀሐይወርቅ ግን በልቧ ሁልጊዜ «እሳቸው» ነው የምትለው። የድሮ ሚኒስትር ነው ከተባለች ቀን ጀምሮ ሻይ ስታቀብለው ከወገቧ ጎንበስ ትላለች፣ ግራ እጇን ቀኝ ክንዷ ላይ ታደርጋለች። ይህን አመል ለንደን አላስተማራትም፤ ከነሻንጣዋ ይዛው የመጣች ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቨርና የምትባል ሴት ትመጣ ነበር። የዚያችው ደሴት ልጅ ናት፤ ለንደን ውስጥ ነርስ ሆና ሃያ ዓመት ሠርታለች። ቤቱ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ከሠራ ተአምር ነውና ደረጃውን በእግሯ ትወጣለች፣ ኮቷን ሳታወልቅ የእንጨቷን ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች፣ ሻይ ቢቀርብላት አትነካም። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማን አዘዘህ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 1987 ደሴቲቱ ከሰረች። መርከቦች ክፍያ በቅድሚያ ካላየን ነዳጅ አናራግፍም አሉ፤ ዳቦ ቤቶች ተዘጉ፤ መብራት በፈረቃ ሆነ። ሆስፒታሉ ብቻ ጄኔሬተር ነበረው፤ ለጄኔሬተሩም ጓሮ ውስጥ የተቆለፈበት ናፍጣ ነበር። በዚያው ሰሞን መንግሥት የውጭ አበዳሪዎችን ኮረብታው ላይ ባለው ሆቴል ጋበዘ። እንግዶቹ አገሪቱ ምንም አልሆነችም ብለው እንዲሄዱ ሆቴሉ ሦስት ቀን ሙሉ እንዲያበራ ተፈለገ። አንድ ሰው አዘዘ፣ አንድ ሰው ፈረመ፣ የሆስፒታሉ ናፍጣ በቦቴ ተጭኖ ወደ ኮረብታው ወጣ። በሁለተኛው ቀን ሆስፒታሉ ጨለመ። አሥራ አንድ ሰው ሞተ። አንዷ የቨርና ታናሽ እህት ማርሊን ነበረች፤ ልትወልድ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታ ነበር። ቨርና ነርስ ናትና መሣሪያው ሲቆም ሰው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ከነሴኮንዱ ታውቃለች። ይህን ማወቋ ነው የጎዳት።

የፈረመው ሚስተር ቴሌማክ መሆኑን አገር ያውቃል፤ ወረቀቱ አለ። ማን እንዳዘዘው ግን ከእሱ በቀር አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም። ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሰው ደግሞ ዐይኑን በጨው ታጥቦ በ1996 መጸው እንደገና ሊመረጥ ተነሥቷል። ያቺ የተራበች ደሴት አንድ አጣሪ ኮሚሽን አቋቁማ ነበር፤ ኮሚሽኑም ለንደን ውስጥ የምስክር ቃል የምትቀበል ጠበቃ ወክሎ ነበር። መዝገቡ የሚዘጋው በሰኔው የመጨረሻ ዓርብ ነው። እስከዚያ ቀን ሚስተር ቴሌማክ ስሙን ከተናገረ ያ ሰውዬ መወዳደር አይችልም። ካልተናገረ ሟቾቹ በመብራት መቋረጥ ሞቱ ተብሎ ይዘጋል። ሞታቸውን መብራት ላይ ጥለውት ሊሄዱ ነው ማለት ነው።

ቨርና አራት ወር ተመላለሰች። ሽማግሌው የማይለው ነገር አልነበረም። የካቢኔ ውሳኔ ነው አለ። ጊዜው አስቸጋሪ ነበር አለ። ሁላችንም ጥፋተኞች ነን አለ፤ ይህቺን እንኳ እኔም ስሰማት ደሜ ይፈላል፤ ሁሉም ጥፋተኛ ከሆነማ ማንም አይጠየቅም። ታሪክ ይፈርዳልም አለ። ቨርና ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ ያንኑ ጥያቄ ትደግማለች፤ ሰዓቷ ሲደርስ ተነሥታ ትሄዳለች። በሰኔ መጀመሪያ ግን ሽማግሌው ተሰላቸ። እሺ፣ ጠበቃዋን ረቡዕ አምጪያት፣ እናገራለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ዐይንሽን አልይ አላት። መዝገቡ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ለዋለችው ረቡዕ ተቀጠረ። አያችሁ፣ ነገሩ እዚህ ድረስ ደርሶ ነበር።

ፀሐይወርቅ መልሱን ታውቅ ነበር እንዴ? አዎን፣ ታውቅ ነበር። ሚስተር ቴሌማክ ገላውን ስታጥበው ያወራል። ጀርባውን በስፖንጅ ስታሽለት ያን ጊዜ ስልክ ተደውሎለት እንደነበር፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሱ እንደነበር፣ ምግብ እያኘከ እንዳናገረው ነግሯታል፤ አንዴ ብቻም አይደለም። ለግድግዳ እንደሚያወራ ሰው ነበር የሚነግራት። እሷም እንደ ግድግዳ ትሰማለች። የቀጠራት ኤጀንሲ ደንብ በሰው ቤት የሰማሽውን ይዘሽ አትውጪ ይላል፤ ደንብ ባይኖርም እሷ ይዛ አትወጣም ነበር።

ከዚያች ረቡዕ በፊት በነበረችው ቅዳሜ ፀሐይወርቅ ከሥራ ስትወርድ ቨርና አራተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አገኘቻት። ድምፅ አልነበረውም ለቅሶው፤ ትከሻዋ ብቻ ይነቃነቅ ነበር። ፀሐይወርቅ አጠገቧ ተቀመጠች፣ እጇን ያዘቻት። ሽማግሌውም በበኩሉ ቀጠሮው ከተያዘ ወዲህ እህል አልወስድ ብሎ አንጀቷን በልቷት ነበር። ሁለቱም አሳዘኗት። እንግዲህ ጥፋቱ የተጀመረው ከዚህ ነው፤ ሁለቱን እኩል አዘነችላቸው። ጠበቃ፣ ኮሚሽን፣ የምስክር ቃል፣ ይሄ ሁሉ የጠብ መንገድ ነው አለች በልቧ። ሽማግሌ ሳይገባበት እንዴት ሰው እስከዚህ ይደርሳል? አንድ እግሩ መቃብር ውስጥ ያለ ሰው ታርቆ አይሞትም? አለች።

ጋሽ ሐብታሙን ጠራቻቸው። ጋሽ ሐብታሙ በሰቨን ሲስተርስ አካባቢ ላለው ሐበሻ ሁሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሚኒካብ የሚሉትን ታክሲ እየነዱ ይኖራሉ፤ ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ ማኅበርተኛ ቢቀያየም፣ የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ለሁለት ቢከፈል የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ያላስታረቁት ጠብ የለም፤ የማን ጥፋት እንደነበር ያጣሩት ጠብም የለም። ፀሐይወርቅ ነገሩን አስረዳቻቸው። «የኔ ልጅ፣ ጽድቅ ነው የጠራሽኝ» አሏት። ለቨርና ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን አዛውንት እሑድ መጥተው ሽማግሌውን ሊያነጋግሩልሽ ነው አለቻት። ቨርና የገባት፣ እኚህ ሰው እውነቱን እንዲናገር ሊመክሩት ይመጣሉ ብላ ነው። ማንም በእሷ ቦታ ቢሆን እንዲያ ነው የሚገባው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ሐብታሙ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ስምንት ፎቅ እያለከለኩ ወጡ። ፀሐይወርቅ አስተርጓሚ ሆነች። ጋሽ ሐብታሙ ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ዕድሜ፣ ነገ ስለማይታወቀው ነገር ብዙ ተናገሩ። በእኛ አገር በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ተበዳይም ስለ ፈጣሪው ብሎ ያነሣዋል አሉ። ሚስተር ቴሌማክ ጆሮውን አቁሞ አዳመጠ። ዕድሜውን መድረክ ላይ የጨረሰ ሰው መድረክ ሲዘረጋለት አይስተውም። ዐይኑ እንባ አቀረረ። የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ተነሣ፣ ለወራት በራሱ ያልቆመው ሰውዬ ሁለት ርምጃ ተራመደ፣ የቨርናን እጅ ይዞ «ልጄ፣ ይቅር በይኝ» ብሎ በጉልበቱ ሊወርድ ሲል እግሩ ከዳው።

ቨርና ያዘችው። በሁለት እጇ ብብቱ ሥር ገብታ፣ ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ መለሰችው። ጋሽ ሐብታሙ ያዩት መተቃቀፍ ነው። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ያለፈውን እርሱት፣ የታረቀ አይጎዳም፣ ልጅ ይውጣላችሁ ብለው መረቁ። ፀሐይወርቅ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ተረጎመች። ቨርና ግራ ገብቷት አንዴ እሳቸውን አንዴ እሷን ታያለች። ለእሷ የገባት ረቡዕ ሊናገር የተዘጋጀ ሰው ማየቷ ብቻ ነው። በዚያን ቀን ከሁሉም ደስተኛ ሆና ወደ ቤቷ የገባችው ፀሐይወርቅ ነበረች፤ እስከ ሰቨን ሲስተርስ ድረስ በባቡሩ ቆማ ስትሄድ ድካም አልተሰማትም።

ረቡዕ ጠበቃዋ የድምፅ መቅጃዋን ይዛ መጣች፤ ቨርና ቃሉ ሲሰጥ አትግቢ ተብላ ደረጃው ላይ ቀረች። ሚስተር ቴሌማክ ክራቫት አድርጎ ጠበቃት። መቅጃው ሲከፈት ጉሮሮውን ጠርጎ እንዲህ አለ፦ «የሟቿ ቤተሰብና እኔ ታርቀናል። ቨርና እዚሁ ወንበር አጠገብ አቅፋኛለች። አንድ የሃይማኖት አዛውንት ባርከውናል። እርቅ አልወረደም ብላችሁ ከሆነ የምትመረምሩት፣ እርቁ ተፈጽሟል። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለም።» ምስክርም አለኝ ብሎ በጣቱ ወደ ፀሐይወርቅ አሳየ።

ጠበቃዋ ዞር ብላ እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። እንግዲህ ሰው አፍ ካለው የሚናገርበት ሰዓት ይህ ነበር። እርቁ እኔ ያመጣሁት ነው፣ ቨርና አላወቀችም፣ ሲወድቅ ይዛው ነው፣ ሊናገር ቃል ገብቶ ነበር፣ ይህን ሁሉ ማለት ትችል ነበር። ፀሐይወርቅ ሽማግሌውን አየች፣ ክራቫቱን አየች፣ እንግዳ ፊት ላዋርዳቸው እንዴ አለች። «አዎ» አለች፣ «አቅፋቸዋለች።» ጠበቃዋ መቅጃዋን ዘጋች፣ ቃል የማይሰጥ ሰው ማስገደድ አልችልም፣ ዓርብ ከሰዓት ድረስ ቢሮዬ ነኝ ብላ ሄደች።

ቨርና ነገሩን ከጠበቃዋ ሰምታ ደረጃው ላይ ጠበቀቻት፤ ያችው አራተኛ ፎቅ ላይ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«እኔ ይቅርታ ላደርግለት ስምንት ፎቅ ስወጣ የከረምኩ ይመስልሻል?» አለቻት። «ሲወድቅ ያዝኩት። ሥራዬ ነው፤ ማንም ቢወድቅ እይዘዋለሁ። የፈለግሁት አንድ ስም ነበር። አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

ፀሐይወርቅ ራሷን ለማስረዳት ብላ ያልታሰበ ነገር ውስጥ ገባች። የራሷን ወንድም ነገር አነሣችባት። ጊዲዮን ይባላል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ በእኛ በ1970 ዓ.ም. የቀበሌው ሊቀመንበር ከቤት አስወስዶት አልተመለሰም። ሊቀመንበሩ ከእነሱ ሦስተኛው ቤት ነው የሚኖረው። አንድ ዕድር ናቸው፤ ሰው ሲሞት አንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ። ከስምንት ዓመት በኋላ ሽማግሌዎች ገቡ፤ ሊቀመንበሩ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ፤ እናቷ ወይዘሮ አልታየሽ ከመሬት አነሣችው፣ ሳመችው፤ አብረው ማዕድ ቀረቡ። እንደዚህ ነው እኛ ጋ፣ ካልሆነ መኖር አይቻልም አለቻት ለቨርና።

ቨርና ሰማቻትና «የት እንደቀበሩት ተናገረ?» አለች።

«አልተናገረም።»

«ጠየቃችሁት?»

አልጠየቅነውም አለች ፀሐይወርቅ። ያን ቀን እሱን መጠየቅ እርቁን ማደፍረስ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ያለፈውን አታንሡ ብለው ነበር። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷም ሰማችው። ቨርና የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ወረደች።

ያን ዕለት ፀሐይወርቅ እንዴት ቤቷ እንደገባች አታስታውስም። አንጀቷ ተቃጠለ። በሽማግሌው ተናደደች፣ በጋሽ ሐብታሙ ተናደደች፣ ደግሞ እኮ ደውለው እርቁ እንዴት ሰነበተ ብለው ጠየቋት። በራሷ ላይ የተናደደችውን ግን አልነግራችሁም፤ ትገምቱታላችሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው አላስቀየምኩም ስትል የኖረችው ሴት ማንን ደስ ስታሰኝ እንደኖረች ቆጠረች። ሁልጊዜም ወንበር ያለውን ነው።

ሐሙስ ጧት እንደወትሮዋ ገባች። ውሃውን አስተካከለች፣ ሽማግሌውን አስቀመጠችው፣ ጀርባውን ማሸት ጀመረች። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ጥያቄ ጠይቃው አታውቅም። «ሚስተር ቴሌማክ፣ ያን ጊዜ በስልክ ያዘዘዎት ማን ነበር?» አለችው።

ሳቀ። ስንቴ ነግሬሽ የለም እንዴ አላት፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነዋ፣ እያኘከ፣ ሆስፒታሉ ይታገሣል፣ እንግዶቹ ግን አይታገሡም አለኝ፣ ፈረምኩ፣ ምን ላድርግ። ይህን ሁሉ ሲል ዐይኑ ጨፈን ብሏል፤ የውሃው ሙቀት ተስማምቶታል።

«ነገ ለጠበቃዋ ይንገሯት» አለችው። «አንድ ቀን አለ።»

«እርቅ ወርዷል እኮ» አላት። «ያወረድሽው አንቺ ነሽ።»

አለበሰችው፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፣ መዝገቡን አወጣች። ኬረሮች በየቀኑ የሚሞሉት መዝገብ ነው፤ ምን በላ፣ ታጠበ ወይ፣ መድኃኒቱን ወሰደ ወይ፣ ምን ተናገረ። ገጹ ቁጥር አለው፣ በካርቦን ይጻፋል፤ ነጩ እቤት ይቀራል፣ ቢጫው ሳምንት ሳምንት ዓርብ ኤጀንሲ ይገባል። ፀሐይወርቅ በሰባት ዓመት ውስጥ «ምን ተናገረ» የሚለው መስመር ላይ «ደህና ነኝ አሉ» ከማለት ሌላ ጽፋ አታውቅም። ያን ቀን ግን የታይፒስት ልማዷ መጣ፤ የተባለውን እንደተባለው አሰፈረች። ገላቸውን ታጥበዋል። ገንፎ ግማሽ ሳህን በልተዋል። የሆስፒታሉን ናፍጣ እንዲወስዱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በስልክ እንዳዘዟቸው፣ ሆስፒታሉ ይታገሣል እንዳሏቸው ተናግረዋል። የሰውየውን ስም ከነአባቱ ጻፈች። ሰዓቱን ጻፈች፣ ፈረመች። ደንቡ ባለቤቱ ከጠየቀ አንብቡለት ይላል፤ እሱ ባይጠይቅም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችለት።

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። ቅደጂው አላት። ገጹ ቁጥር አለው አለችው። ሥራሽን ታጫለሽ አላት። አውቃለሁ አለችው። ከዚያ የጧት ሻዩን ጠየቀ፤ አፈላችለት፤ ሻዩ ሥራዋ ነውና። ስታቀብለው ግን ጎንበስ አላለችም።

ዓርብ ከሰዓት ቢጫውን ወረቀት ይዛ ኤጀንሲ በመግባት ፈንታ ክሮይደን ሄደች፤ የጠበቃዋ ቢሮ እዚያ ነበር። ክሮይደንን የምታውቃት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጥገኝነት ጉዳይዋ ስትመላለስ፣ የተጠየቀችውን ብቻ ስትመልስ። ከባቡር ጣቢያው ለቨርና ደውላ ነበርና ቨርና የነርስ ልብሷን ሳትቀይር መጥታ በር ላይ ቆማለች። ሰላምታ አልተለዋወጡም። አብረው ገቡ።

ጠበቃዋ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። እውነቱን ነገረቻቸው፤ ይህ ከሌላ ሰው የተሰማ ቃል ነው፣ ክብደቱ ትንሽ ነው፣ እሱ ራሱ ቢናገር ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። ሆኖም በዕለቱ የተጻፈና የተፈረመ ነውና እልከዋለሁ አለች። ፀሐይወርቅ ቃሏን ሰጠች፤ እሑድ የሆነውን፣ እርቁን ማን እንደጠራው፣ ቨርና ሽማግሌውን ለምን እንደያዘችው ሁሉንም ተናገረች። ከዚያ ሦስቱም ፋክሱ አጠገብ ቆመው ወረቀቱ እየተንቀራፈፈ ሲገባ አዩ።

እንዳትጠብቁ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ኮሚሽኑ ያን ወረቀት በሪፖርቱ ግርጌ በትንንሽ ፊደል ጠቀሰው፤ አንዲት የለንደን ኬረር እንዲህ አለች፣ ማረጋገጥ አልተቻለም። ሰውዬው በመጸው ተወዳደረ፣ አሸነፈ። ኤጀንሲው ፀሐይወርቅን አሰናበታት። ሚስተር ቴሌማክ ሌላ ኬረር ተመደበለት፣ ገላውን ሲታጠብ ለእሷም ያወራላት ይሆናል። የስም ነገር በዚሁ አለቀ።

ያን ዓርብ ግን ይህ ሁሉ ገና አልመጣም። ሁለቱ ሴቶች ከቢሮው ሲወጡ ቨርና ባቡር ጣቢያው ድረስ አብራት ሄደች፤ ሲለያዩ ብቻ አንድ ነገር ተናገረች። «የወንድምሽ ሰውዬ በሕይወት አለ?» አለቻት። ፀሐይወርቅ አላውቅም አለች። «ጠይቂዋ» አለቻት።

ሰቨን ሲስተርስ ስትወርድ ከጣቢያው ማዶ ካለው ሱቅ የአምስት ፓውንድ የስልክ ካርድ ገዛች። ሱቁ ጓዳ ውስጥ በጣውላ ከተከለሉት ስልኮች አንዱን ያዘች፤ አዲስ አበባ መሽቶ ነበር። እናቷ ወይዘሮ አልታየሽ አነሣች። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበቷ ተጠያየቁ፤ ያን ሳይጨርሱ ሌላ ነገር መጀመር አይቻልም። ከዚያ ፀሐይወርቅ ጠየቀች።

«እማዬ፣ ሊቀመንበሩ እንዴት ነው?»

«ዐረፈ እኮ» አለች እናቷ። «ጥር ላይ። አልነገሩሽም?»

ፀሐይወርቅ ጣውላውን ተደገፈች። ከደርግ ውድቀት በኋላ ፍርድ ቤት የእሱን ነገር ሲያይ ጠርተውሽ ነበር ወይ አለቻት። ጠርተውኝ ነበር፣ ታርቀናል ብዬ ቀረሁ አለች እናቷ። ስለ ጊዲዮን ሳይናገር ነው የሞተው ወይ አለቻት።

«ታሞ ሳለ ሾርባ ይዤለት ሄጄ ነበር» አለች እናቷ። «አልጋው አጠገብ ብቻችንን ነበርን። ልጄን የት አደረግኸው ልለው አፌ ላይ መጣ። በታመመ ሰው ላይ እንዴት ብዬ መለስኩት። ሲሞት ድንኳኑ የተተከለው እኛ በር ላይ ነው፤ ዕድርተኛ ነን፣ ሰው ምን ይላል። ሦስት ቀን ንፍሮ ስቀቅል ሰነበትኩ።»

ፀሐይወርቅ ለምን አልጠየቅሽውም ልትል ነበር። እናቷ ቀደመቻት።

«አንቺስ ለምን አልጠየቅሽውም?» አለቻት። «በእርቁ ቀን እጁን ያስታጠብሽው አንቺ ነበርሽ።»

ካርዱ ገና ብዙ ደቂቃ ነበረው። ፀሐይወርቅ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆመች፤ እናቷም ወዲያ ማዶ አልዘጋችም። አንዳቸውም ሌላ ቃል ሳይናገሩ ደቂቃው አለቀ።